ከካሳራኒ እስከ ሩዋይ፤ ፍሳሽ ስለ ልጆች ጤና የሚናገረው

ከናይሮቢ መሀል ከተማ ተነሥቶ በቲካ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በስተ ቀኙ አንድ ታላቅ የስፖርት ስታዲየም ይታየዋል። ስታዲየሙ በ1987 አራተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታ በናይሮቢ በተደረገ ጊዜ ያገለገለ ሲሆን፣ ስድሳ ሺህ ያህል ተመልካች እንደሚይዝ ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።) በ2017 እና በ2021 የዓለም ወጣቶች የአትሌቲክስ ውድድር እዚሁ ሲደረግ የሀገራችንም ልጆች ሮጠውበታል። ሰፈሩ ካሳራኒ ይባላል።

ካሳራኒ በምርጫ ክልልነቱ አምስት ቀበሌዎች አሉት፤ እነርሱም ክሌይ ሲቲ፣ ሙዊኪ፣ ካሳራኒ፣ ንጂሩና ሩዋይ ናቸው። ስታዲየሙ በአንዱ ወገን ሲሆን፣ የናይሮቢ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ ደግሞ በሌላው ወገን፣ በሩዋይ ይገኛል። ወደ ካሳራኒ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ስታዲየሙን አይቶ ይመለሳል፤ ማጣሪያውን ለማየት ብሎ የሚሄድ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔም ብሆን ልሄድ የቻልሁት የአክስቴ ልጅ በጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ይህች የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር በሙዊኪ በኩል በኪራይ ትኖራለች። በኦክቶበር ወር 2024 ወደ ናይሮቢ በሄድሁ ጊዜ ያረፍሁት ከእርሷ ዘንድ ነበር። በሙዊኪ መንገድ ግራና ቀኝ የድንጋይ ፎቅ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከየሰገነቱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከሥር ሱቅ፣ ጸጉር ቤት፣ የጥብስ በቆሎ ሻጭ አለ። ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ሙዚቃቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ። ከነርሱ መካከል አልፎ አልፎ አንድ ትልቅ በርሜል የተሸከመ መኪና ወፍራም ጎማውን እንደ እባብ ጠምጥሞ ሲያልፍ ይታያል። ይህ ከየግቢው ፍሳሽ እየመጠጠ የሚወስድ መኪና ነው።

የዘመዴ ቤት ያለበት ሕንፃ አራት ፎቅ ሲሆን፣ ዐሥራ ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። የእነዚህ ሁሉ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ፍሳሽ ወደ ከተማው ቱቦ አይሄድም፤ በግቢው ሥር በተሠራ የሲሚንቶ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ጉድጓዱ ሲሞላ የቤቱ ባለቤት መኪናውን መጥራት አለበት። እኔ በደረስሁበት ሰሞን ባለቤቱ ሳይጠራ ቀርቶ፣ ፍሳሹ ከክዳኑ ዙሪያ እየፈለቀ ወደ መንገዱ ቦይ ሲወርድ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ልጆችም በዚያው ቦይ አጠገብ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሷ ቦይ ውስጥ ስትገባ ማን እንደሚያወጣት ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ጧት ከደጅ «ሆዲ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በስዋሂሊ ቤቶች እንደማለት ነው። ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ የበረዶ ሣጥን በትከሻዋ አንግታለች፤ ሁለተኛዋ መዝገብና የቀለም እርሳስ ይዛለች። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የፖሊዮ፣ ማለት የልጅነት ልምሻ መከላከያ ጠብታ እየዞሩ የሚሰጡ ናቸው። ዘመዴ በትሕትና ተቀበለቻቸው፤ ነገር ግን ልጁን አላቀረበችም። በአማርኛ ወደ እኔ ዞር አለችና፣

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ» አለች። «በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከዐሥር የሚበልጡ ሕፃናት አሉ፤ አንዱም አላነከሰም። በሰፈሩም ያነከሰ ልጅ አይቼ አላውቅም። የእኔም ልጅ ክትባቱን በጊዜው ጨርሷል፤ ካርዱ ይኸው። ታዲያ በሽታ በሌለበት መድኃኒቱ ለምንድን ነው? ማን ታሞ አዩ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። እኔም በዚያን ሰዓት የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝምና፣ ሴቶቹን ነገ እንዲመለሱ ለመንኋቸው። እነርሱም ያለ ቁጣ በመዝገባቸው ላይ ምልክት አድርገው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያነበብሁትንና ያየሁትን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

የታመመ ሰው አልታየም፤ የታየው ፍሳሹ ነው። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት ነበር። በ2018 ማርች 21 ቀን፣ የእኛ ሰዎች ኢስሊ የሚሉት ታላቅ የንግድ ሰፈር በሚገኝበት በካሙኩንጂ ክፍለ ከተማ ከፍሳሽ መስመር ላይ ውሃ ተቀዳ። ውሃው ሲመረመር ሁለተኛው ዓይነት የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘበት። በዚያ ጊዜ በናይሮቢ ከተማ በዚህ ቫይረስ እግሩ የሰለለ አንድም ልጅ አልተገኘም ነበር። የቫይረሱ የዘር መልእክት ሲነበብ ግን፣ በኦክቶበር 2017 በሞቃዲሾ፣ በባናዲር አውራጃ፣ እንደዚሁ ከፍሳሽ ከተገኘው ቫይረስ ጋር የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቫይረሱ ድንበር ተሻግሮ፣ የረዥም መንገድ ተጓዥ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው በአንድ ሰው አንጀት ውስጥ ናይሮቢ ገብቷል ማለት ነው። በ2024 ደግሞ በቱርካና በሚገኘው በካኩማ የስደተኞች ሰፈር በሕፃናት ላይ ቫይረሱ ሲገኝ፣ በናይሮቢም እንደ ገና ከካሙኩንጂ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱ ሴቶች የበረዶ ሣጥን ተሸክመው የዘመዴን በር ያንኳኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሳሽ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅበት ምክንያት በበሽታው ጠባይ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ገብቶ በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ከዓይነ ምድር ጋር ለብዙ ሳምንታት ይወጣል። ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ሌሎቹ ጥቂት ቀን ያተኩሳቸዋል፤ እጁ ወይም እግሩ የሚሰልለው፣ በተፈጥሮው ቫይረስ ቢሆን፣ ከሁለት መቶ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሽባ የሆነ ልጅ ሐኪም ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ቫይረሱ አስቀድሞ በብዙ መቶ ምናልባትም በብዙ ሺህ ሕፃናት ውስጥ አልፏል። እናት የልጇን መሄድና መሮጥ አይታ «በሰፈራችን በሽታ የለም» ብትል ዐይኗ አልዋሻትም፤ ዐይን የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የማይሰወር አንድ ነገር አለ። በካሙኩንጂ የተገኘው ሁለተኛው ዓይነት ቫይረስ በጥንት ዘመን ከተፈጥሮ የመጣው አይደለም፤ የዚያ ዓይነት የተፈጥሮ ቫይረስ ከዓለም መጥፋቱ በ2015 ታውጇል። ይህኛው የተወለደው ራሱ በአፍ ከሚሰጠው ክትባት ነው። በጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ ኃይሉ የተዳከመ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ልጆች በተከተቡበት አገር ብዙ ሳይዞር ይጠፋል። ያልተከተቡ ሕፃናት በበዙበት አገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ረዥም ጊዜ ሲዞር፣ ያጣውን ኃይል መልሶ ያገኛል። በኤፕሪል 2016 ሁለተኛው ዓይነት ከአፍ ክትባቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች አንጀታቸው ይህን ቫይረስ ስለማያውቀው፣ ቀድሞ የተረፈው መንገድ አገኘ። የዘመዴ ልጅ ካርዱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ ጠብታ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት እግርን ከመስለል ያድናል፤ ቫይረሱ በአንጀት ውስጥ እንዳይራባና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ለመከልከል ግን አቅሙ አነስተኛ ነው። አሁን የሚሰጠው አዲሱ ጠብታ ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ቫይረሱ ወደ ቀድሞ ኃይሉ በቀላሉ እንዳይመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቶች ሳይነግሩ «ዝም ብለሽ አስከትቢ» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ እናትን መናቅ ነው። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ የደረሳት ዕለት በሯን ትዘጋለች፤ አይፈረድባትም።

በፍሳሽ በሽታን የመከታተል ጥበብ አዲስ አይደለም። በ1940 ገደማ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጆን ፖልና ጄምስ ትራስክ የፖሊዮን ቫይረስ ከከተማ ፍሳሽ ውስጥ አገኙ፤ በዚያ ዘመን ማረጋገጫው ዝንጀሮ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብሬንዳን ሙር የሚባል ሰው በእንግሊዝ አገር ከታይፎይድ ጋር የሚቀራረብ በሽታ ተሸካሚዎችን ይፈልግ ነበርና፣ የቁስል ማሰሪያ ስስ ፋሻ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ያንጠለጥል ነበር። ፋሻው ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲወጣ ተጨምቆ ይመረመራል። በሽታው ከተገኘበት ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከዚያም ወደ ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ እየወጡ በሽታው የሚመነጭበትን አቅጣጫ ማግኘት ተቻለ። ይህ ፋሻ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ አልራቁም። በ2013 በእስራኤል በደቡቡ ክፍል በራሃትና በቤርሳቤህ ፍሳሽ ውስጥ የተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ አንድም ልጅ አልሰለለም ነበር፤ ሆኖም ጠብታው ለሕፃናት እንዲሰጥ ታወጀ። በ2022 የሎንዶን ፍሳሽ ተራ ደረሰውና፣ በቤክተን ከሚገኘው ማጣሪያ ሁለተኛው ዓይነት ተገኘ። በኮቪድ ዘመንም በማርች 2020 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በአመርስፎርት ከተማ በሽተኛ ከመመዝገቡ በፊት የቫይረሱን ምልክት በፍሳሽ ውስጥ አይተዋል። ይህን የምጠቅሰው ካሙኩንጂ ብቻ የቆሸሸች የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር ነው።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ እንመለስ፤ ምክንያቱም እኔን እጅግ የማረከኝ እርሱ ነውና። ውሃው የሚቀዳው በማለዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ከመኝታው ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀምበት፣ ቱቦውም የሚሞላበት ሰዓት ስለ ሆነ። ሠራተኛው የእጅ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጎ፣ የቱቦውን ከባድ የብረት ክዳን ከፍቶ፣ በገመድ የታሰረ ባልዲ ይሰድዳል። አንድ ሊትር ያህል በጠርሙስ ይሞላል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጽፋል፤ በበረዶ ሣጥን ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ብርድ ነው። ጠርሙሱ በመንገድ ላይ ከሞቀ ቫይረሱ ይሞታል፤ ቫይረሱ ከሞተ ደግሞ ቤተ ሙከራው «ምንም የለም» ይላል፤ ይህም ሐሰተኛ ምሥራች ነው። በአንድ ሣጥን በረዶ መቅለጥ ምክንያት አንድ ከተማ ያለ ስጋት ሊተኛ ይችላል ማለት ነው።

በናይሮቢ ምርመራው የሚደረገው በኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋም ነው። ይኸው ቤተ ሙከራ የሶማሊያንም ናሙና የሚመረምር ስለ ሆነ፣ የሁለቱ አገሮች ጠርሙሶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። ፍሳሹ ቫይረሱ ከሚበታተንበት ብዙ ውሃ እንዲለይ ከሁለት ዓይነት ቅመሞች ጋር ተደባልቆ በማንቆርቆሪያ መሰል ብርጭቆ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። በነጋታው ጠላ ከአተላው እንደሚለይ ተለይቶ ይገኛል፤ ቫይረሱም ከታች ባለው ጥቂት ክፍል ይከማቻል። ይህም ለዚሁ ሥራ ተብለው በተዘጋጁ ሕዋሳት ላይ ይፈስሳል። ከነዚህም አንዱ ወገን በተፈጥሮው ፖሊዮ የማይዘው የአይጥ ሕዋስ ሲሆን፣ ቫይረሱ የሚገባበት የሰው በር ተበጅቶለታል። ሠራተኛው በየቀኑ በማጉያ መነጽር ያያል፤ ሕዋሳቱ ክብ እየሆኑ ከብርጭቆው ከተላቀቁ እንግዳው መጥቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የዘር መልእክቱ ይነበባል። የቫይረሱ ውጫዊ ልብስ ከሚሠራባቸው ክፍሎች አንዱ 900 ያህል ፊደላት አሉት። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ከነዚህ ፊደላት መካከል በየዓመቱ ከመቶ አንድ ያህሉ፣ ማለት ዘጠኝ ገደማ ይለወጣሉ። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቁ ሊቃውንት ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ የገለበጠው ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምራል። ስለዚህ ስሕተቶቹን አስተያይቶ የትኛው ብራና ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ መናገር ይቻላል። የካሙኩንጂ ቫይረስ የሞቃዲሾው ዘመድ መሆኑ የታወቀውም በዚሁ ዓይነት ነው።

ከዚህ በኋላ ሩዋይን ለማየት ልቤ ተነሣ። ከሙዊኪ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ፎቆቹ እየሳሱ፣ ሜዳው እየሰፋ፣ ጥቁሩ ጭቃ እየበዛ ሄደ። ማጣሪያው የሚጠራው የዳንዶራ ማጣሪያ ተብሎ ነው፤ የሚገኘው ግን በሩዋይ ነው፤ ስሙን ሰምቶ ወደ ዳንዶራ የሄደ ሰው በከንቱ ይደክማል። ሥራ የጀመረው በ1980 ገደማ ሲሆን፣ በዕቅዱ በቀን 160,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል የተሠራ ነው። በዚህ ትልቅ ስፍራ የሚጮኽ ሞተር እምብዛም አይሰማም። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ፀሐይ፣ ነፋስና ለዐይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ሥራውን ይሠራሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስመለከት የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች ጥቁርና የሚፈሉ ይመስሉ ነበር፤ ሽታቸውን አልጽፈውም። ራቅ ብለው ያሉት ግን አረንጓዴ ሐይቅ ሆነው፣ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሰፍረውባቸዋል። ከመጨረሻው ኩሬ የሚወጣው ውሃ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙም ወደ አቲ ወርዶ በመጨረሻ ከማሊንዲ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስን ያገኛል።

የከተማይቱ ፍሳሽ አብዛኛው እዚህ የሚመጣ ከሆነ፣ እዚሁ በር ላይ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ የናይሮቢን ጤና ሁሉ ማወቅ ይቀልላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የ2019 ቆጠራ ለናይሮቢ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሰጥቷታል። የጥቂት ሕፃናት ቫይረስ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀጥናል፤ ቢገኝም «በከተማው ውስጥ አለ» ከማለት በቀር የበረዶ ሣጥን የተሸከሙት ሴቶች የትኛውን ሰፈር እንደሚያንኳኩ አይናገርም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከመቶ ሺህ እስከ ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሚጠቀምበት መስመር ተመርጦ፣ ቢያንስ በየወሩ እንዲቀዳ ነው።

በዚህ ላይ ትልቁ ጉድለት ይታያል። ቱቦ የሚናገረው ከቱቦ ጋር ስለ ተያያዘ ቤት ብቻ ነው። የዘመዴ ሕንፃ ዐሥራ ስድስት ቤተሰብ፣ በዙሪያውም እንደዚያው የጉድጓድ ተጠቃሚ የሆኑት ሕንፃዎች፣ በዚህ ምርመራ ፊት ድዳ ናቸው። ከጉድጓድ የሚመጠጠው ፍሳሽ ስንት ሳምንት እንደ ተኛ፣ መኪናውም ከየትኛው ግቢ ጋር እንዳደባለቀው ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በቦይ የሚወርደውም ከዝናብ ጋር ይቀጥናል። ቤት በፍጥነት ሲሠራና ቱቦው ወደ ኋላ ሲቀር፣ የቀረው ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ስለዚያ ሰፈር ልጆች የሚገኘውም ወሬ አብሮ ይቀራል። አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ የሚፈቅዱ ሹማምንት ይህን ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል።

ስመለስ መንገዴ በስታዲየሙ አጠገብ ነበረ። በኤፕሪል 2014 የኬንያ ፖሊስ በኢስሊ ብዙ ሺህ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሶማሌዎች፣ ይዞ ወረቀታቸውን ለመመርመር በዚሁ በካሳራኒ ስታዲየም አጉሯቸው ነበር። ያን ያየ ሰው ወይም ከጎረቤቱ የሰማ ሰው፣ መዝገብ የያዘ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጠብታ አይደለም። ልጁ ቢያተኩሰውም ስሙን ወደሚጽፍ ሐኪም ቤት ከመሄድ በቤቱ ማስታመምን ይመርጣል። ፍሳሽ ግን ስም አይጠይቅም፤ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም እኩል ይቀበላል። ሆኖም ይህ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቫይረሱ ከካሙኩንጂ ተገኘ» የሚለው ቃል በጋዜጣ ሲወጣ፣ የአንድ ሰው ስም ባይጠራም የአንድ ሰፈር ስም ተጠርቷል፤ በማታቱ ውስጥ ከዚያ ሰፈር የመጣውን ሰው ሸሽቶ የሚቀመጥ አይጠፋም። ውሃው እዚያ የተቀዳው ቱቦ እዚያ ስላለ ነው። ቱቦ የሌለው ሙዊኪ ንጹሕ መሆኑ የተመሰከረለት ማንም ስላልመረመረው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2013 ከሶማሊያ የተነሣው የተፈጥሮ ፖሊዮ ወረርሽኝ ኬንያንና ኢትዮጵያን ሲያዳርስ፣ በሀገራችን በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን ዐሥር ሰዎች ላይ ተገኝቷል። በ2019 ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት በዚያው ክልል ታየ። የግመልና የፍየል ነጋዴ፣ የጫት መኪና፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው የማያቋርጥበት ድንበር ነውና፣ ሞቃዲሾ፣ ዶሎና ኢስሊ ለቫይረስ የአንድ መንደር ሦስት ጎረቤቶች ናቸው። በአዲስ አበባም ፍሳሽ በቱቦ ወርዶ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚደርሰው ከከፊሉ ሕዝብ ነው፤ የቀረው እንደ ሙዊኪ በጉድጓድና በመምጠጫ መኪና ይኖራል። በአርብቶ አደሩ አገር ቱቦ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ እዚያ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለበትን ሕፃን ፈልጎ ዓይነ ምድሩን መመርመር የማይተካ ሥራ ሆኖ ይቆያል።

ማታ ለዘመዴ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ልጁ ተኝቶ ነበር። የክትባቱ ቫይረስ መልሶ ኃይል ማግኘቱን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ባልነገርኋት ይሻል ነበር ይሆን ብዬ ጥቂት ተጸጸትሁ። እርሷ ግን ዝም ብላ ቆየችና፣

«የእኛ ቤት ፍሳሽ ተመርምሯል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልተመረመረም፤ የእናንተ ጉድጓድ ከየትኛውም ቱቦ ጋር አልተገናኘም» አልኋት።

«እንግዲያው እኛ ጋ ኖሮም እንደ ሆነ የሚነግረን የለም።»

«የለም።»

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች በገቡት ቃል መሠረት ተመለሱ። ዘመዴ ልጁን ራሷ ይዛ ወጣች፤ ነገር ግን አፉን ከማስከፈቷ በፊት ጠብታው አዲሱ መሆኑን፣ ሣጥኑም በረዶ እንዳለው አስከፍታ አየች። ሴቲቱም ሳትቆጣ አሳየቻት። ሁለት ጠብታ ተንጠባጠበለት፤ ፊቱን አኮሳተረ፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በቀለም ተቀባች። ከዚያም ዘመዴ ሴቶቹን ከላይኛው ፎቅ ወዳሉት ሁለት ጎረቤቶቿ ይዛቸው ወጣች፤ እነዚያ ቤተሰቦች ትናንት በራቸውን አልከፈቱም ነበርና።

ረፋዱ ላይ የመምጠጫው መኪና ደረሰ። የቤቱ ባለቤት በመጨረሻ ጠርቶት ኖሯል። ረዳቱ የጉድጓዱን ክዳን በመቆፈሪያ ፈንቅሎ ጎማውን ሲሰድድ፣ የሕንፃው ልጆች ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘው በሩቁ ተሰለፉ። አብዛኞቹ ጣታቸው ቀለም ነበረው። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጮኽ ቆይቶ ቆመ፤ ክዳኑ ተመለሰ፤ መኪናውም ከውሃው እያንጠባጠበ ወደ ሙዊኪ መንገድ ወጣ።